ስድስት ምግብ ብቻ ቀርቶኛል፤ ቀጥሎ ምን ልተው?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ብርቱ ተቅማጥ ይዞኝ በመድኃኒት ዳንሁ፤ ሆዴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በበላሁ ቁጥር ይነፋል፣ ይጮኻል፤ አንድ ሳምንት ድርቀት ይሆንና በሚቀጥለው ተቅማጥ ይተካል። መጀመሪያ ወተት ተውሁ፤ ትንሽ ተሻለኝ። ከዚያ ስንዴ፣ ከዚያ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ጥራጥሬ፣ በመጨረሻም ፍራፍሬ በሙሉ ተውሁ። ከፍዬ በተመረመርሁት የደም ምርመራ ደግሞ 43 ምግቦች እንደማይስማሙኝ የሚገልጽ ዝርዝር ተሰጠኝ። አሁን የምበላው ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል ብቻ ነው። አንጀት ይፈውሳል የተባለ ዱቄትም በየጠዋቱ በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ክብደቴ አልቀነሰም፤ ሰው ቤት መብላት ግን አቁሜያለሁ። አንጀቴ ተበሳስቷል ይሉኛል። እስኪድን ድረስ ቀጥሎ ምን ልተው? ዱቄቱንስ ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምንም አይተዉ። ከእንግዲህ የሚቀርዎት ሥራ የተዉትን መመለስ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሆድዎ መነፋት ይልቅ ያሳሰበኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከማዕድዎ የወጣ ምግብ አንድም ጊዜ ተመልሶ አለመቅረቡ ነው። ምግብን ለጊዜው ማቋረጥ የምርመራ ዘዴ ነው። ምልክቱ ከቀነሰ ምግቡ ተመልሶ ይበላል፣ ምልክቱም ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ይታያል፤ ማስረጃው የሚገኘው ከዚህ ከሁለተኛው እርምጃ ነው። እርስዎ የመጀመሪያውን ብቻ አምስት ጊዜ ደጋግመዋል። ስለዚህ ከተተዉት መካከል አጥፊው የትኛው እንደሆነ፣ ያለ ጥፋቱ የተባረረውም የትኛው እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም።

መመለሱ ከመጀመሩ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ የሚጣራ ነገር አለ። ስንዴ ከመተውዎ በፊት ለሴሊያክ ሕመም ተመርምረው እንደሆነ አልጻፉልኝም። ሴሊያክ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ባለው ግሉተን የተነሣ ትንሹን አንጀት ራሱን ያጠቃል። ግንኙነቱን ያረጋገጠው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲኬ ነበር። ስንዴን ከ1930ዎቹ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይጠረጥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና 1945 መካከል ባለው የረኀብ ክረምት ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ፣ ሌላው ሁሉ ሲከሳ የሴሊያክ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ልብ ይበሉ፤ ማስረጃውን የሞላው የዳቦው መመለስ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ምርመራው የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ብቻ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ የሚፈለጉት ፀረ እንግዳ አካላት ስንዴ ሲቋረጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ዛሬ ቢመረመሩ ሕመሙ እያለብዎት የለም ሊባሉ ይችላሉ። የተለመደው አሠራር በቀን ከአንድ በላይ በሆነ ገበታ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ግሉተን ያለው ምግብ በልቶ መመርመር ነው። ይህን ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ያድርጉት። ስንዴው እጅግ የሚያሳምምዎት ከሆነ በዘር የሚወረሱትን የሴሊያክ ምልክቶች የሚያይ የደም ምርመራም አለ፤ እርሱ ስንዴ መብላት አይጠይቅም፣ ውጤቱ ባዶ ከሆነም ሴሊያክ ሊሆን የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሕመሙ ከተገኘ ግሉተንን ዕድሜ ልክ በጥብቅ መተው ግድ ይላል፤ ከዚህ በታች ስለ ስንዴ የምጽፈውም አይመለከትዎትም።

በዚያው ቀጠሮ ሰገራዎ ይመርመር። ጃርዲያ የተባለው ተውሳክ ከተቅማጥ በኋላ ተደብቆ ለወራት መቆየት ይችላል፤ ሆድ ይነፋል፣ ወተትም አልስማማ ይላል። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ደግሞ አንጀት ውስጥ ብግነት መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል። የደም ማነስም ይታይ። ለሌሎች አንባቢዎችም ልናገር፦ በሰገራ ደም ያየ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ያለበት፣ ምግብ ለመዋጥ የተቸገረ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሆዱ ጠባይ በድንገት የተለወጠ ሰው ይህን ዓምድ አጥፎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ምግብ በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ወይም ፊቱ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ ሽፍ የሚል ወይም ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ያለበት አለርጂ ነው። ያንን ምግብ ቤት ውስጥ መሞከር አደገኛ ነው።

አሁን ወደ 43ቱ ዝርዝር እንምጣ። ይህ ጉዳይ ያናድደኛል። በእንዲህ ያለ ምርመራ በአብዛኛው የሚለካው አይ.ጂ.ጂ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው። የሚናገረውም ሰውነትዎ ያንን ምግብ ያውቀዋል የሚለውን ብቻ ነው፤ አዘውትረው የሚበሉት ነገር ከፍ ብሎ ቢታይ አይገርምም። የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ በ2008 ባወጣው መግለጫ ለምግብ አለመስማማት መመርመሪያ እንዳይውል መክሯል። በዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ምግቦች ከዚያ በፊት በብዛት ይበሏቸው የነበሩ እንደሆኑ ያስተያዩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መሳቢያ ይመልሱት። ምግብ የሚመረጥበት ሰነድ አይደለም።

ታዲያ ሆድዎን ምን ያዘው? ያለ ምርመራ የመጨረሻውን ቃል መናገር የኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የጻፉት ታሪክ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። በብርቱ የአንጀት ኢንፌክሽን ከተያዙ አሥር ሰዎች መካከል አንዱ ያህል ጀርሙ ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የአንጀት ቁጣ ይቀርበታል። አንጀቱ ሲታይ ቁስል የለውም፤ ነርቮቹ ግን ከመጠን በላይ ንቁ ሆነዋል። ሌላው ሰው የማይሰማውን ጋዝ እርሱ እንደ ሕመም ይሰማዋል፤ ድርቀትና ተቅማጥም ይፈራረቁበታል።

ወተት ሲተዉ የተሻለዎትም ከዚህ ታሪክ ጋር ይሄዳል። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚሰብረው ኢንዛይም የሚገኘው በትንሹ አንጀት ገጽ ጫፍ ላይ ነው። ተቅማጥ መጀመሪያ የሚያጥበው ይህንን ጫፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። በተፈጥሮ ኢንዛይሙ ያነሰበት ሰው እንኳ (ከዓለም ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ እንዲህ ናቸው) አብዛኛውን ጊዜ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ ያለ ብዙ ችግር ይችላል። እርጎና የቆየ ጠንካራ አይብ ደግሞ ከወተት ይቀላሉ። ሁለት ዓመት ወተት መተው ምናልባት አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አልፎበታል። በዚህ መካከል ካልሲየሙን የተካልዎት ነገር በስድስቱ ምግቦች ውስጥ አይታየኝም፤ ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ የሚበሉ ካልሆነ በቀር።

ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ በአንጀት በኩል ሲታዩ ግን ዘመዳሞች ናቸው። በስንዴና በሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን፣ በጥራጥሬ ውስጥ ጋላክታን፣ በፖም፣ በማንጎና በማር ውስጥ የተረፈ ፍሩክቶስ፣ በኮክና በእንጉዳይ ውስጥ ደግሞ እንደ ሶርቢቶልና ማኒቶል ያሉ ስኳር መሰል ነገሮች አሉ። ሁሉም በትንሹ አንጀት ሙሉ በሙሉ ሳይመጠጡ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋሉ፤ ውኃ ይስባሉ፣ ባክቴሪያዎች ሲያብላሏቸው ጋዝ ይወጣል። በሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ፎድማፕ የሚል የወል ስም ሰጧቸው። ጋዙ መመረዝ አይደለም። በማንም ሆድ ውስጥ ይኖራል፤ አንጀቱ የተቆጣ ሰው ግን በእጅጉ ይሰማዋል።

ስንዴን በተመለከተ አንድ የኖርዌይ ጥናት ልንገርዎት፤ በ2018 የታተመ ነው። ሴሊያክ የሌለባቸው፣ ግሉተን አይስማማንም ብለው የተዉ 59 ሰዎች ተሳተፉ። ለእያንዳንዳቸው በመልክም በጣዕምም የማይለዩ ሦስት ዓይነት ምግቦች በየተራ ለሰባት ሰባት ቀን ተሰጧቸው፤ አንዱ ግሉተን፣ አንዱ ፍሩክታን የተደረገበት፣ አንዱ ሁለቱም የሌሉበት። ከሁሉ የባሰ ምልክት በግሉተኑ ሳምንት የታየው በ13ቱ ብቻ ነበር፤ በ24ቱ በፍሩክታኑ፣ በ22ቱ ደግሞ ምንም በሌለበት ሳምንት። የመጨረሻውን ቁጥር ሳየው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ሆዳቸው በእርግጥ ታሟል። አንጀት ከአእምሮ ጋር በነርቭ የተሳሰረ በመሆኑ ፍርሃት ብቻውን እንቅስቃሴውን ይለውጣል፣ ሕመምንም ያጎላል። ስድስት ምግብ ላይ የደረሰ ሰው በሰባተኛው ፊት በሰላም አይቀመጥም። ስለዚህ ወደ ሰው ቤት መመለስዎ ራሱ ከሕክምናው ክፍል ነው፤ ሳህን ላይ ሩዝ ብቻ አስደርገውም ቢሆን ይሂዱ።

"አንጀቴ ተበሳስቷል" ስለሚሉት። የአንጀት ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መጋጠሚያ ሊላላ መቻሉም እውነት ነው። በሴሊያክና ክሮን በተባለው የአንጀት ሕመም ይላላል፤ አልኮልም፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ያላሉታል። ለራስ ምታት ወይም ለወር አበባ ሕመም እነዚህን አዘውትረው የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከማንኛውም ዱቄት በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። ያልተረጋገጠው፣ ይህ መላላት ለድካሙም፣ ለሽፍታውም፣ ለመርሳቱም መነሻ ነው፣ በአንድ ዱቄትም ይደፈናል የሚለው ንግግር ነው። የአንጀት ገጽ ሕዋሳት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ገጽ ዛሬ የለም።

በአንጻሩ የትልቁን አንጀት ሕዋሳት የሚመግበው ነገር ይታወቃል። ባክቴሪያዎች የአትክልትና የእህል አሰርን (ፋይበርን) ሲያብላሉ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ፤ የእነዚህ ሕዋሳት ዋና ማገዶ እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል፤ ከሩዝ፣ ከድንችና ከካሮት ይህን መሙላት ይከብዳል። እንግዲህ አንጀትዎን ይፈውሳል ብለው የያዙት አመጋገብ የሚመግበውን እየነፈገው ነው። ደግ አስበው ነው፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

አመላለሱ እንዲህ ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ምግብ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ፣ በሁለተኛው እጥፉን፣ በሦስተኛው አንድ ሰው በተለምዶ የሚበላውን ያህል ይበሉ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዕረፍት ወስደው ወደሚቀጥለው ይለፉ። በማስታወሻ ላይ የበሉትን፣ መጠኑን፣ የሆድዎን ሁኔታ፣ የእንቅልፍዎንና የወር አበባዎን ቀን ይጻፉ፤ ሆድ ከወር አበባ ጋር እንደሚለዋወጥ ብዙ ሴቶች የሚያውቁት ከጻፉ በኋላ ነው። ትንሽ መነፋት ውድቀት አይደለም። ሥራ የሚያስፈታ ሕመም ከመጣ ያቁሙት፣ ሲረጋጉ በግማሽ መጠን እንደገና ይሞክሩት። አብዛኛው ሰው የሚያገኘው መልስ "አይስማማኝም" ሳይሆን "እስከዚህ ድረስ ይስማማኛል" የሚል ነው።

ከቀላሉ ይጀምሩ። ብርቱካንና እንጆሪ ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም። ኪዊ የሚያገኙ ከሆነ በቀን ሁለት መብላት ድርቀትን እንደሚያቀል በጥናት ታይቷል። ቀጥሎ እርጎ፣ ከዚያ ወተት ከግማሽ ብርጭቆ ጀምሮ። ስንዴው የሚገባው በሐኪሙ የምርመራ ፕሮግራም ነው፤ በዚያ ወቅት ሌላ አዲስ ነገር አይጨምሩበት። በእርሾ ለረጅም ሰዓት የቦካ ዳቦ ፍሩክታኑ ስለሚቀንስ ለሆድ ይቀላል፣ ግሉተኑ ግን አይጠፋምና ለምርመራውም ያገለግላል። ምስርና ሽምብራን በደንብ ዘፍዝፈው የተዘፈዘፉበትንም የተቀቀሉበትንም ውኃ ይድፉ፤ ከጋላክታኑ ብዙው ከውኃው ጋር ይሄዳል። በሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ።

ሽንኩርትን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ በትንሽ መጠንም ኃይለኛ ነው። እስከዚያው ግን ምግብዎ ጣዕም አልባ መሆን የለበትም። ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርት ፍሬውን ሳይፈጩ በዘይት ጠብሰው ፍሬውን አውጥተው ቢጥሉት፣ ሽታውና ጣዕሙ በዘይቱ ይቀራል፣ ሆድ የሚነፋው ነገር አብሮት ይወጣል። በዕለቱ የሚጠቀሙበትን ያህል ብቻ ያዘጋጁ፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከማቀዝቀዣ ውጪ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። የሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉም ከነጩ ክፍል ይልቅ ይስማማል።

አሰሩን በዝግታ ይጨምሩ። የስንዴ ፉርሽካ ለተቆጣ አንጀት አይመችም። ሲሊየም የተባለው የዘር ገለባ ግን በድርቀቱም በተቅማጡም ጊዜ ይረዳል፤ በአንድ የሻይ ማንኪያና በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይጀምሩ። እርጎን የመሰሉ የቦኩ ምግቦችን በተመለከተ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። በ36 ጤነኛ ሰዎች ላይ ለአሥር ሳምንት የተካሄደ ሲሆን፣ የቦካ ምግብ ያዘወተሩት የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዝቷል፣ የብግነት ምልክቶቻቸውም ቀንሰዋል። ትንሽ ጥናት ነው፤ ተስፋ ይሰጣል እንጂ አያስምልም።

በምግቦች መካከል ሦስት ወይም አራት ሰዓት ሆድዎን ያሳርፉ። ባዶ ሲሆን በየአንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓቱ የሚነሣ የጽዳት እንቅስቃሴ አለ፤ የቀረውን ምግብና ባክቴሪያ ወደ ታች ይጠርጋል። ያለ ዕረፍት ስንቆነጥር ግን ይቋረጣል። ቁርስ አይዝለሉ፤ ትልቁ አንጀት በተለይ የሚነቃው ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት የሚቀመጡበት ጊዜ ይኑርዎት፤ ድርቀት ላለበት ሰው ይህ አሥር ደቂቃ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚቻልዎት ከሆነ አመላለሱን የሥነ ምግብ ባለሙያ ይከታተልልዎት፤ በተለይ ፍርሃቱ ከበረታብዎት ብቻዎን አይግፉት።

ዱቄቱን የጠየቁኝን ለመመለስ ጣሳውን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ኢኑሊን ወይም የቺኮሪ ሥር የሚል ካለ፣ ይህ ንጹሕ ፍሩክታን ነው፤ ለሁለት ዓመት ከሽንኩርትና ከስንዴ የሸሹት ያው ነገር። በርካታ የአንጀት ዱቄቶች ይጨምሩበታል። ሶርቢቶል፣ ማኒቶል ወይም ዚሊቶል የሚል ማጣፈጫም ካለበት እንዲሁ ሆድ ይነፋል። ምንም ይሁን ምን ያቁሙትና የምግብ ሙከራውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምሩ። አለበለዚያ ጠዋት በጠጡት ማታ በዳቦው ላይ ያሳብባሉ።